ሰባት አባት የጎደለው ሰው

ሰው ከአባቶቹ ምን ይወርሳል? መሬት ያለው መሬት ይወርሳል፤ የሌለው አፍንጫ። በእኛ በከሚሴና በጨፋ ዙሪያ ግን ትልቁ ውርስ ስም ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት አባት ይቆጥራል፤ መሀል ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ነገሩ ይቀራል። ሸሪዓው ይህን ያህል አላጠበቀም፤ የአባቶች ወግ ነው። ይሄኔ እናንተም በጣታችሁ መቁጠር ጀምራችኋል። ስንተኛው ላይ ቆማችሁ?

እኔ ሦስተኛው ላይ ነው የቆምኩት። በታሪክ ዲግሪ ይዤ እንደተመለስኩ ዘሃራን ለማግባት ጨፋ ሮቢት ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሐጂ ዑመር እኔኑ አስጠርተው «ቁጠር» አሉኝ።

«ሰይድ፣ አሊ፣ አብደላ...»

«አብደላ የማን ልጅ ነው?»

አያቴ አሊ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ ከሚሴ የገባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአባቱ ስም በላይ አያውቅም። ከእሱ የቀረን አንድ የአዝራር ጣሳ ነው። ውስጡ አንድ ጎኑ የጎደጎደ ሰማያዊ የመስታወት ብይ ነበረበት፤ ልጅ ሆኜ ስጫወትበት ቀጥ ብሎ አልንከባለል ይለኝ ነበር።

«አባቱ ያልታወቀ የኔም ዘመድ ሊሆን ይችላል» ብለው ዘሃራን ለከብት ነጋዴ ሰጡብኝ። የስንቱን አገር ንጉሥ ከነዘር ማንዘሩ የሸመደድኩ ሰው፣ አራተኛ አባት አጥቼ ላጤ ቀረሁ። ዓመታት አለፉ፤ ቂሙ አላለፈም።

ፈረንሳዊቷ ማርጎ የመጣችው ይሄኔ ነው። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ሲይዙ መጀመሪያ ከሰፈሩት አንዱ ቅድመ አያቷ ኤቲየን ነበር። ሚስቱንና ልጁን እዚያ ትቶ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ ወሎ እንደወጣ ቀረ። ፍለጋው ከሚሴ አደረሳትና አስተርጓሚ ሆንኩላት። ሳቂታ ናት፤ ባል የላትም፤ ታሪክ ትወዳለች። አዲስ ኮት ገዛሁ። የቀረውን እናንተው ሙሉት።

የድሮ ነገር የሚያውቅ ሰው ብንጠይቅ ሁሉም የሚጠቁመን ሐጂ ዑመርን ሆነ! እያረርኩ ወሰድኳት። ሐጂ አርጅተዋል፤ ኮቴን ግን አላለፉትም።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሙሽራ መስለህ የለም እንዴ! እቺ እንኳ አባት አታስቆጥርህም፤ እንዳትለቃት።»

«ቅድመ አያቷን ፍለጋ ነው የመጣችው፣ ሐጂ።»

«ምልክት አለው?»

ማርጎ አንድ ዓይኑ የመስታወት እንደነበር ነገረችኝ፤ ተረጎምኩ። የሐጂ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሱብሃነላህ! ማታ ማታ ዓይኑን አውልቆ ውሃ ውስጥ የሚያሳድረው? አባቴ ስለሱ እያወራ እንቅልፍ ይነሳን ነበር! ሰልሞ፣ አብደላ ተብሎ፣ እዚሁ አግብቶ ማሽላ ሲያርስ ሞተ። ሚስቱም ስትከተለው ልጃቸው ከሚሴ ገባ አሉ፤ ልብስ ሰፊ...»

ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። እኔ ለካ በቅድመ አያቴ ዓይን ብይ ስጫወት ነው ያደግሁት!

እንደምንም ተረጎምኩላት፤ አብደላ የሚባል ብዙ ነውና ያኔ ላልጠረጠሩት ሐጂም የብዩን ነገር ነገርኳቸው። ማርጎ እያለቀሰች አቀፈችኝ፤ ከዚያ የኤቲየንን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እየጠራች ወደ ላይ ወጣች። ሐጂ በጣታቸው ተከተሏት።

«ሰባት! ሞላልህ፣ ወላሂ ሞላልህ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ኮቴን አዩ፤ እሷን አዩ፤ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። «ውይ ኢልማ ኮ... ሦስተኛው ላይ ተገናኛችሁ እኮ።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ማርጎ፣ እጄን እንደያዘች።

ያኔ አባት ጎደለህ ተባልኩ፤ አሁን ደግሞ ሞላልህ። እኒህ ሰውዬ በሁለቱም አልዳሩኝም።

«ኮትህ ያምራል አሉ» አልኳት።