በሙሉ ድምፅ የምታኝከው በግ

ተቋሙ ለሰው ልጅ መንጋጋ የዋለው ውለታ በአጭሩ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ዳይሬክተሩ ሁልጊዜ በረጅሙ ይናገሩት ነበር።

በዚያ ዓመት ሰው ሠራሽ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ተሠራና፣ ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት በአንዲት በግ ቀኝ መንጋጋ ላይ ተገጠመ። የበጊቱን ማኘክ የሚከታተል ባለ ሰባት አባላት ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው፣ በረቱ ስለሚሸት፣ አዳራሹ ውስጥ እየተሰበሰበ ስድስት ሳምንት ሙሉ «ታኝካለች» ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የእንስሳት ሐኪሟ ስብሰባ ላይ ቃል ለመተንፈስ የምታፍር ሴት ስለነበረች ውሎዋ በረት ነው። ያየችውም ሌላ ነው። በጊቱ ድርቆሹን ወደ ግራ ጉንጯ ገፋ አድርጋ በግራዋ ብቻ ታኝካለች፤ አዲሱ መገጣጠሚያ እንደ ክብር እንግዳ ቁጭ ብሎ ይመለከታል። የጎድን አጥንቷ መቆጠር ጀምሯል።

ሐኪሟ እንደ ምንም ደፍራ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«በቀኟ አታኝክም፣ ጌታዬ።»

«ታኝካለች ወይስ አታኝክም?»

«ታኝካለች፤ ግን በግራ...»

«ቅጹ ላይ ግራና ቀኝ የሚል ቦታ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ በሌለ ቦታ ምን ልንሞላ ነው? ለመሆኑ እሷ ቅሬታ አቅርባለች?»

«በግ እኮ ናት።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ከሷ ተማሪ።»

የሐኪሟ ስጋት ግን በዋዛ አልታለፈም። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ በጊቱ ለግራዋ እንደምታደላ ደረሰበት። አድልዎውን ከሥሩ ለመንቀል ግራ መንጋጋዋም ከአዲሱ መገጣጠሚያ ምረቃ ማግስት እንዲቀየር ወሰነ። ሐኪሟ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ግራው ከተነካ በጊቱ ዳግመኛ እህል አትቀምስም።

በምረቃው ቀን ዳይሬክተሩ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገሩ። «የሰው ልጅ አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ዘመን...» ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። እንደተከፈተም ቀረ። ታዳሚው ለጭብጨባ የተተወ ፋታ መስሎት አጨበጨበ።

መገጣጠሚያውን ለበጊቱ የገጠመላት የተቋሙ ቀዶ ሐኪም ሮጦ መድረክ ላይ ወጣ። «መንጋጋቸው ወልቋል» አለ ደስታውን መደበቅ አቅቶት። «እንኳን እዚህ ሆነ። የኛው ምርት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዛሬውኑ እንገጥምላቸዋለን።»

ዳይሬክተሩ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ።

«ምን ያሰጋዎታል? ኮሚቴው እኮ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶ ነጠቁና በንግግራቸው ጀርባ ላይ ጻፉ፦ «ጥናቱ አላለቀም። በግራዋ ብቻ ነው የምታኝከው። ለማንም እንዳይገጠም።»

ሐኪሟ ጠጋ አለች። «ማንም ሲሉ በጊቱም አለችበት?»

ለሀጫቸው ክራቫታቸው ላይ እየወረደ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ።

«እንግዲያው እሱንም ይጻፉልኝ። ፊርማዎንም ያኑሩበት።»

ጻፉ፤ ፈረሙ።

«የወለቀውን መመለስ ትችያለሽ?» ሲል ቀዶ ሐኪሙ ቅር ብሎት ጠየቃት።

«እችላለሁ። ሁለት አውራ ጣት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ግን ይቺን ወረቀት መዝገብ ቤት ላስመዝግብ።»

መዝገብ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። እሷ ደግሞ ሲፈጥራት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።