ብሎኬቴ የመራችው ክርክር

ትናንት ሕልም አየሁ። ያየሁት ግን አልጋዬ ላይ ተኝቼ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌያችንን ግድግዳ ተደግፌ ነው።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፌ ነበር። ስመላለስ ይህ አራተኛዬ ነው። አንዴ ማኅተሙ የለም ተባልኩ። አንዴ መብራቱ የለም። አንዴ ደግሞ ማኅተሙም መብራቱም ኖረው ሰውየው የለም። ውሃ ቢሮ ቆጣሪ አንባቢ ሊቀጥር ምዝገባ ከፍቷል፤ ምዝገባው የሚያበቃው በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያልታደሰ መታወቂያ ይዞ የሄደን ሰው ደግሞ ከበር ይመልሱታል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይህቺ ሥራ እንድታመልጠኝ አልፈልግም።

አገሬው እንደሚያደርገው ወረፋዬን በድንጋይ ያዝኩ። የእኔዋ የብሎኬት ስባሪ ናት፤ ይበልጣል ለማለት «ይ» ብዬ በከሰል ጽፌባታለሁ። የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ከኋላዋ የሽንኩርት ነጋዴዋ የእትዬ የሻረግ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያም አርባ የሚሆን የሌላ ሰው ድንጋይ ተሰልፏል። እኛ የግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሆነ፤ መስኮቱ አልተከፈተም። ዓይኔ ከበደኝ።

ድንገት መስኮቱ ተከፈተ። ከውስጥ የተቀመጥነው ግን እኛ ነበርን። እትዬ የሻረግ የቀበሌውን ጸሐፊ የአቶ ልጃለምን መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ማኅተም ጨብጠዋል። ውጭ ፀሐዩ ላይ፣ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩት ዕጩዎች ከረባታቸውን አስረው፣ ፎቷቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተሰልፈዋል።

«ቀጣይ!» አሉ እትዬ የሻረግ።

አቶ ምንይችል ቀረቡ። ፎቷቸው በየምሰሶው የተለጠፈው ዕጩ ናቸው።

«እናቴ፣ ተስፋ ለመስጠት ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«የምን ተስፋ?»

«ኑሮ ውድነትን ስለ መቀነስ።»

«ሦስት ምስክር አምጣ። ያለፈውን ተስፋህን በልተው የጠገቡ ይሁኑ።»

«ኧረ እናቴ፣ ከየት አገኛለሁ?»

«እኔ ልውለድልህ? ነገ ተመለስ። ቀጣይ!»

ወዲያው ገበያ መሃል ቆመን ነበር። ዕጩዎቹ ጆንያ ላይ ተደርድረዋል፤ ሽንኩርቶቹ ዘንቢል ይዘው ይዞራሉ። ሚዛን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቀይ ሽንኩርት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተባሉትን ዕጩ አገላብጣ አየቻቸው።

«ቃላቸው ስንት ይመዝናል?» አለችኝ።

«ይናገሩና እንየው» አልኳት።

«የሸማቾች ሱቅ ዘይት በየወሩ ይገባል!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ቃሉ ሚዛኑ ላይ አረፈ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። «ስኳርም ይጨመራል!» አሉ። ጭራሽ ሚዛኑ ወደ ላይ ተነሳ።

«ነፋስ ልትሸጥልኝ ነው?» አለችኝ ሽንኩርቷ ተቆጥታ። «እኔ ሳልከተፍ በዋጋዬ ብቻ ስንቱን አስለቅሼ ነው እዚህ የደረስኩት!»

ዘንቢሉን ነጥቃኝ ሄደች። ዘንቢሉ ግን የእሷው ነበር።

ከዚያ አዳራሽ ገባን። መድረኩ ላይ ሕዝቡ ተቀምጧል፤ ዕጩዎቹ መሬት ላይ። ክርክሩን የምትመራው ብሎኬቴ ነበረች፤ ድምጿ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሻክራል።

«አገልግሎት ለምን ይጓተታል?» ብላ ጠየቀች።

«ከወረዳ መመሪያ እየጠበቅን ነው» አሉ አቶ ምንይችል።

«እኔም ከዞን እየጠበቅሁ ነው» አለ ወረዳ፣ ከኮርኒሱ ውስጥ።

«እኔም ከክልል» አለ ዞን፣ ከቆርቆሮው በላይ።

ክልል ደመና ውስጥ ነበር። «ምን ነካችሁ? እኛ እኮ የምንጠብቀው ከሕዝቡ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩ። ለካ አገር ምድሩ የቆመው እኔን ሲጠብቅ ኖሯል!

«በል መመሪያ ስጣቸው» አለችኝ ብሎኬቴ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ተሰለፉ» አልኳቸው። «ይህቺ ስባሪ ከንጋት ጀምሮ ስለ እኔ ቆማለች። ከእናንተ ውስጥ እስከ ስድስት ሰዓት ስለ እኔ የቆመ ድምፄን ይወስዳል።»

«እንቆማለን! እንቆማለን!» ብለው እየተጋፉ ወጡ። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ አንዳቸውም የሉም። በየቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ሄደዋል። የአቶ ምንይችል ድንጋይ ከረባት አስሯል፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድንጋይ ፎቶ ለጥፏል።

እትዬ የሻረግ ድንጋዮቹን በመነጽሩ ሥር መረመሯቸው። «ግዴለህም ልጄ፣ እነዚህን እንምረጥ» አሉኝ። «ቢያንስ ባስቀመጥክበት ታገኛቸዋለህ።»

ወደ መስኮቱ ስንመለስ ማኅተሙ እኔ እጅ ገብቷል። ከውጭ አቶ ልጃለም የመስኮቱን ብረት ይዘው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ይበልጣል ወንድሜ፣ ጸሐፊነቴ ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ ካላደስክልኝ ወንበሬን ለአንድ በግ ሊሰጡብኝ ነው።»

«ለየትኛው በግ?»

«ለጎረቤቴ በግ። ጠዋት ቢሮ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚገባው ይላሉ።»

«ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ። ሦስት ጊዜ የተባልኩትን አንድ ጊዜ ብል ማን ይፈርድብኛል? እሳቸው ግን ብረቱን እኔ ስመላለስ እንደማደርገው ነበር የያዙት፤ በሁለት እጅ፣ ግንባራቸውን አስደግፈው። ቃሉን ዋጥኩት። «ዛሬ የመጣ ዛሬ ይስተናገዳል!» አልኩና ማኅተሙን ከፍ አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ —

ጓ!

ነቃሁ። ጓ ያለው መስኮቱ ነው።

«ተነስ የኔ ልጅ» አሉኝ እትዬ የሻረግ ትከሻዬን እየነቀነቁ። «ልጃለም ከፈት አድርጎ ወረቀት ለጠፈና መልሶ ዘጋው።»

ተነስቼ አነበብኩት። «ሠራተኞች በሙሉ በዕጩዎች የክርክር መድረክ ላይ ስለምንገኝ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አገልግሎት የማንሰጥ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» ይላል።

«ክርክሩ ስለ ምን ነው?» አልኳቸው።

«ስለ ቀልጣፋ አገልግሎትና ስለ ኑሮ ውድነት ነው አሉ። ሽንኩርት ነጋዴ ግን አልጠሩም» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። ክርክሩ የሚካሄድበት አዳራሽ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። አቶ ልጃለም በጓሮ በር ወጥተው፣ ማኅተሙን ኮት ኪሳቸው እየከተቱ ሲሻገሩ አየኋቸው።

ጎንበስ ብዬ ብሎኬቴን አነሳሁ። አቧራዋን አራገፍኩላት። እትዬ የሻረግ አዩኝ፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ጥቁሩን ድንጋይ ታቀፉ። ከኋላቸው ያለውም ጎንበስ አለ፤ ከእሱ ኋላ ያለውም። ማንም ማንንም ሳይቀድም፣ እንደ ተሰለፍን አስፋልቱን ተሻገርን።

የአዳራሹ ጥበቃ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቁም! ድንጋይ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ወረፋዬ ናት» አልኩት። «ማኅተሙ ያለው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»