የአቶ ሰይጣን አቤቱታ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ፤ ብስጭቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። በሕልሜ ሥራ ገባሁ። ስንት የሚታለም ነገር እያለ ሰው በሕልሙም ሥራ ይገባል? እኔ ግን ገባሁ።

ሥራዬ ማረሚያ ቤት ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ሰው ፈንክተው፣ ወግተው፣ ደብድበው የታሰሩትን አነጋግራለሁ። አመክሮ ሲደርስላቸው፣ ቢወጡ ዳግመኛ ሰው ይጎዱ እንደሆነ አስተያየት እጽፋለሁ። ቅጹ ላይ «የጥፋቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ለዚያ ቦታ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይሉኛል። ትንሽ ጠበቅ ሳደርጋቸው «ደሜ ፈላ» ይላሉ። ይበልጥ ሳጠብቅ ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው»። ኧረ ታክቶኛል፤ ምርር ብሎኛል።

ትናንት ላቀው የተባለውን እስረኛ ቅጽ ቤት ይዤ ገባሁ። ላቀው የሚስቱን እጅ በዱላ የሰበረ ሰው ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አስተያየቴን ማስረከብ አለብኝ፤ «ቢወጣ ችግር የለውም» ካልኩ በሳምንቱ እዚያው ሴትዮዋ ቤት ይገባል። ባለፈው ልትጠይቀው መጥታ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ላቀው ኮፍያውን ሊያስተካክል እጁን ቢያነሳ፣ ሴትዮዋ በክንዷ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ልብ አላለውም። እኔ ግን ልብ አልኩ፤ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮራሁ። ይህን እያሰብኩ ባለቤቴ ዘርፌ ራቴን አስቀምጣልኝ ኮቴዋን ሳታሰማ ወጣች። ጸጥተኛ ሴት ናት፤ በዚህስ ዕድለኛ ነኝ። ቅጹን ሳልጨርስ ተኛሁ።

እንግዲህ በሕልሜ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ረጅም ሰልፍ አለ። ግንባራቸው የተሰፋ፣ ክንዳቸው በጀሶ የታሰረ፣ ዐይናቸው ያበጠ ሰዎች ብርቱካን በፌስታል ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

«ምን ልትሠሩ ነው?» አልኳት ክንዷ በጀሶ የታሰረውን አንዷን።

«ይቅርታ ልንጠይቅ።»

«ማንን?»

«የመታንን ነዋ። የኔው እጁ አብጧል አሉ፤ እንቅልፍም አጥቷል።»

ወደ ውስጥ አየሁ። እውነትም እስረኞቹ ቡጢያቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ የተመታው ሁሉ እየገባ ብርቱካን ይልጥላቸዋል። አሁንስ አበዛችሁት አልኩ። «የተመታሽው አንቺ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ። የምን የተገለበጠ አገር ነው ይሄ?»

ሴትዮዋ በሐዘኔታ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ትዳር የለህም እንዴ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው» አለችና ፊቷን ወደ ሰልፉ መለሰች።

ቢሮዬ ስገባ ላቀው ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ሹራቤን ለብሷል፤ መነጽሬን አድርጓል፤ ሻዬን ይጠጣል። እስረኞቹ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን አንድ ቀንም አርሜያቸው አላውቅም። ላቀው ቀና ብሎ «አንተ፣ ተቀመጥ» አለኝና በርጩማ አሳየኝ። እግሩ የተሰበረው በርጩማ ነው። ይጠገን ብዬ ስንቴ ደብዳቤ የጻፍኩበት በርጩማ በሕልሜም አልተጠገነም።

ቅጹን ሰጠኝ። ስሙ የኔ ነው። «የጥፋቱ ምክንያት» የሚለው ባዶ ነው።

«እሱን ሳትሞላ ከዚህ በር አትወጣም» አለ ላቀው።

«ምን አጠፋሁና?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። ይህ የኔ አነጋገር ነው። ድምፁን ሳይቀር የኔን አስመስሎ ነው ያለው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ቶሎ ሞልቼ ልውጣ ብዬ «በልጅነት መደብደብ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው በሩ ተከፈተና የአባቴ ቀበቶ ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዘለበቱን አስተካከለ።

«አምስት ልጆች ገርፌያለሁ» አለ ቀበቶው። «አልክድም፣ ጥፋቴ ነው። ግን እህትህ ይኸው እስከዛሬ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከቤት ትወጣለች። ታናሽህ ልጆቹን ተቆጥቶ አያውቅም። አንተን ለብቻህ ነው የገረፍኩህ?»

አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር እኔው የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ የተገረፈ ሁሉ ገራፊ አይሆንም እላለሁ። ከቀበቶ መማሬ አበሸቀኝ። ሰረዝኩና «ድካም፣ የኑሮ ውድነት፣ የሥራ ጫና» ብዬ ጻፍኩ። ላቀው በመስኮቱ ወደ ሰልፉ አመለከተ። «እነሱ የሚገዙት ዘይት በርካሽ ነው?» አለ። እሱንም ሰረዝኩ።

«እሺ፣ ደሜ ፈላ! በቃ፣ ደሜ ፈላ!» አልኩ።

«እንለካዋ» አለ ላቀው።

ነጭ ጋዋን የለበሰች በግ ገብታ ብብቴ ሥር ቴርሞሜትር ሰካች። ቢሮው ሄዶ የዋና ኃላፊያችን ቢሮ ሆነ። ኃላፊው ፋይል ወርውሮ ደረቴን መታኝና «ደንቆሮ፣ ሪፖርቱ የታለ?» አለኝ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁን አመጣለሁ» አልኩ። በጓ አነበበች፤ ሠላሳ ስድስት። ቢሮው አደባባይ ሆነ። ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃዴን ነጠቀኝ፤ እናቴንም አብሮ በስድብ አነሳት። ሳቅ ብዬ «ወንድምዓለም፣ ለዛሬ እለፈኝ» አልኩት። አሁንም ሠላሳ ስድስት። አደባባዩ ጠባብ ሳሎን ሆነ፤ ራት ቀርቧል። ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ሽሮው ጨው በዛበት መሰለኝ፣ ይቅርታ» አለች። ይህን ጊዜ ቴርሞሜትሩ ብብቴ ሥር ፈነዳ።

በጓ ስብርባሪውን ከጋዋኗ ላይ አራገፈች። «ደምህ ዐይን አለው» አለችኝ። «አይቶ ነው የሚፈላው።»

ስለ ሽሮው የተናገረችው ማን እንደሆነች ለማየት ዞርኩ። ሰው የለም። ተመልሰን ቢሮ ነን፤ ቅጹም ባዶ ነው። አንዲት በግ የዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዬን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሳ ስትወጣ ምን ይባላል? እስክሪብቶውን አነሳሁ። የማውቀው አንድ መልስ ነው የቀረኝ። «ሰይ» ብዬ እንደጀመርኩ በሩ ተንኳኳ።

ከሲታ ሽማግሌ ገባ። የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ወፍራም ፋይል በብብቱ ይዟል። በትሕትና እጅ ነስቶ ቆመ።

«ይቅርታ አድርግልኝና እንዳትጽፈው» አለ። «ሰይጣን እባላለሁ። አቤቱታ አለኝ።»

«አቶ ሰይጣን፣ ይቀመጡ» አለው ላቀው። ለሱ ደህናው ወንበር ተሰጠው።

«ጌቶቼ፣ ሥራዬ ንጹሕ ነው አልልም» አለ። «ግን ስሜን አጥፍታችሁ ጨረሳችሁኝ። ሰው በአካፋ ይማታል፣ እኔ። ጎረቤቱን ይወጋል፣ እኔ። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የት የት ልድረስ? ደግሞ አሳሳትክ ይሉኛል እንጂ አንድም ቀን ማን አማከረኝ? አብዛኛውን የምሰማው እንደናንተው ከወሬ ነው።» መነጽሩን አደረገና ፋይሉን ገለጠ። «ለምሳሌ የዚህ ሰውዬ መዝገብ። ጥቅምት ዐሥራ ሰባት፣ የሽሮ ድስት ግድግዳ ላይ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ብሏል። በዚያ ሰዓት ጥርሴን እያስነቀልኩ ነበር፤ ሐኪሙ ምስክሬ ነው። ታኅሣሥ አራት፣ የመኝታ ቤት በር በቡጢ ተበሳ። እኔን አሉ። እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። የካቲት...»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ላቀው ሻዩን አስቀመጠ። ቀበቶው ወደ መሬት አየ። በመስኮቱ በኩል ጀሶ ያሰረችው ሴትዮ ብርቱካኗን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

«ድስት ነው፣ በር ነው» አልኩ። «ዕቃ ነው። እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ከነዚህ ሰዎች ጋር አታወዳድሩኝ። ሰው መታሁ ወይ?»

«የካቲት ምን ይላል?» አለ ላቀው፣ ወደ አቶ ሰይጣን ዞሮ።

ሽማግሌው በልቡ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ፋይሉን ቀስ ብሎ ዘጋው። «እሱን እኔ አላነበውም» አለ። «እሱ ራሱ ይጻፈው።»

ላቀው እኔ እስረኞቹን እንደምጠብቀው እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ። ይህ አጠባበቅ ምን ያህል እንደሚያናድድ ያኔ ገባኝ። «ሰይ» ያልኩትን ሰረዝኩ። እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳረፍኩና «እ» ብዬ ጻፍኩ። «ኔ» ልጨምርበት ስል ደወል ጮኸ።

ስልኬ ነው። ሶኬቱ በዘርፌ በኩል ስለሆነ ማታ ማታ እዚያ ነው የምሰካው። ነግቷል፤ ቅጹ ወንበሩ ላይ እንደተጣለ ባዶውን አድሯል። ደወሉን ላጠፋ በዘርፌ ላይ እጄን አሳልፌ አነሳሁ።

ዘርፌ ዐይኗን ሳትገልጥ በክንዷ ፊቷን ሸፈነች።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ስልኩ ይጮኻል።

«ዘርፌ፣ ስልኩን ላጠፋ ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ክንዷን ሳታወርድ። «ይቅርታ።»