የኢንጂነሩ አሥራ አራት ሺህ ፎቶዎች

አፍ ያለው ሰው ነገሩን ይናገራል፤ ስልክ ያለው ግን "ቆይ፣ ላሳይህ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ድርሻውን ከነምርቃቱ ተቀብሏል፤ ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤቴ፣ ክቡር ኢንጂነር።

ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። "እንዴት አደሩ?" ካሏቸው መልሱ በቃል አይመጣም፤ ያበጠ ጉልበታቸውን በፎቶ ያሳያሉ፣ ከፊትም ከጎንም። ፎቶውን ለማግኘት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ። "እዚህ ነበረች... ይቺ አይደለችም... ይቺ የሐኪሙ እጅ መታጠቢያ ናት፤ አገጣጠሜን እይልኝማ!" ግድግዳ ከመድፈናቸው በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ቤት ቧንቧ ያነሣሉ። "ከተለሰነ በኋላ ማን ይመሰክራል?" ባይ ናቸው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት በሬን ደበደቡት። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ወልዳለች።

"አያት ሆንኩ!" አሉኝ እያለከለኩ። "ስልኬ ግን የልጅ ልጄን አላስገባም አለ!"

እውነትም ሕፃኑ መታየት በነበረበት ቦታ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፤ ከሥሯ "ቦታ የለም" ይላል። አሥራ አራት ሺህ ፎቶ! ሻይ አፍልቼ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን።

"ይሄን እናጥፋው?" አልኩ።

"የፀጉር አስተካካዩ ቧንቧ እኮ ነው! ነገ ቢፈነዳስ?"

"ይሄስ? ጨለማ ብቻ ነው።"

"ምን ጨለማ ነው፤ ጣሪያ ሥር እንጂ።"

"ይሄ የራስዎ አውራ ጣት ነው፣ ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡ። "ቢሆንም ቀኑን አስታውሰዋለሁ።"

እስከ ምሳ ሰዓት ያጠፋነው ዘጠኝ ነው። ሲብስብኝ ቧንቧ ቧንቧውን ወደ ኮምፒውተሬ ልንገለብጥ ተስማማን፤ ለየቤቱም ፎልደር ከፈትንለት። የአስተማሪዋ ወጥ ቤት። የልብስ ሰፊው ሽንት ቤት። ከዚያ የእኛ ቤት።

ሦስቱ የቧንቧ መጋጠሚያ ናቸው። አራተኛዋ እናቴ ናት። ባትሪ ይዛ፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ የወለቀ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። እናቴ ካሜራ ስታይ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ፊቷን የምታኮሳትር ሴት ነበረች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ስትስቅ የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልነበረኝም።

"መብራት ስትይዝልኝ ነው" አሉ ኢንጂነር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቧንቧው ውሃውን ፊቴ ላይ ሲለቅብኝ እንደዚያ ሳቀች። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ ዝም ብዬ አነሣኋት።"

ስኳር የሌለበትን ሻዬን ሦስት ጊዜ አማሰልኩት።

ከሰዓት በኋላ ቦታ ተገኘና ሕፃኑ ገባ፤ ቀይ፣ ጡጫውን የጨበጠ፣ ውሃ እንደተቋረጠበት ደንበኛ የተቆጣ። ኢንጂነር አለቀሱ። እኔም አጀብኳቸው፣ ምክንያቴ ሌላ ቢሆንም።

ሊሄዱ ሲነሡ "እናትህ ያለችበት ሌላም አይጠፋም" አሉኝ። "ገና ያላየነው ስንት ሺህ አለ።"

እኔ፣ እሳቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ እየቀየርኩ ዓመታት የኖርኩ ሰው፣ በሩን ይዤ፣ "የፊታችን እሁድ ይመጣሉ አይደል፣ ጋሼ?" አልኩ።