ሊቀ መርዝ ጋሽ እንግዳ

እስኪ ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚሄደው ታክሲ ጋቢና ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው የሚያወሩትን ሰውዬ እዩአቸው። የትም ሰፈር ብትኖሩ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሁሉን ነገር እስከ ግማሹ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የኛው ሊቀ መርዝ ጋሽ እንግዳ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ስልካቸው ላይ ስለ መርዛም እንስሳት ማንበብ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጁ ሲያልቅ ንባቡን እዚያው ያቆሙና ወጥተው ያስተምራሉ።

"ተመራምረውበታል!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። እነማን? የት? አይጠየቅም።

ባለሱቁን ቦንሳን ንብ ዓይኑ ሥር ነድፋው ፊቱ ድፎ ዳቦ ያከለ ዕለት፣ እጁን ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለህ!" አሉት። "የንብ መርዝ ለቁርጥማት ይሆናል ብለው ተመራምረውበታል።"

"ጋሼ፣ እኔ ቁርጥማት የለብኝም። ንቦቹ ጣሪያው ሥር ናቸው፣ እርስዎ ይሞክሯቸው።"

ለቅሶ ቤት ስለ ጊንጥ ሲተርኩማ ሟቹ ተረስቶ ድንኳኑ በሙሉ እግሩን ከመሬት አንስቶ ነው የተቀመጠው።

እስከዚህ ያስቃል።

በጾሙ መሀል ጎረቤታቸው እትዬ ወርቅዬ ደጃፋቸው ላይ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሊውጡ ሲሉ ጋሽ እንግዳ ደረሱ።

"ይሄ ከምን እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከእባብ መርዝ!"

እትዬ ወርቅዬ ኪኒኑን ወረወሩት። "በስመ አብ! በጾም እባብ ስውጥ ከርሜያለሁ?"

"መድኃኒት እኮ ይፈቀዳል።"

"መድኃኒትማ ይፈቀዳል። እባብ ግን በፍስክም አይፈቀድም!"

ሰፈሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ወርቅዬ ግን ኪኒኑን እርግፍ አድርገው እንደተዉት ማንም ልብ አላለም። ያዘዘላቸው ሐኪም ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ አጥቷል፤ ጋሽ እንግዳ ሙሉ ከሰዓት ነበራቸው። ታዲያ ማንን ይመኑ?

በዘጠነኛው ቀን የእትዬ ወርቅዬ ልጅ ናዝሬት የጋሽ እንግዳን በር በቡጢ ደበደበችው። "እናቴ ዞሮባት ወደቀች! ከጤና ጣቢያ አሁን መመለሳችን ነው። ኪኒኑን ካልዋጠች አትተርፍም ብለውናል፤ እሷ ደግሞ 'እባብ አልውጥም' ብላ አፏን ገጥማለች! ምን ብለዋት ነው?"

 "ግማሹን ነው ያነበብኩት" አሉ ሊቀ መርዝ።

ወዲያው ፓኬጅ ገዙ። በር ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ያም አላስተማመናቸውም፤ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወዳለው ፋርማሲ ወርደው ፋርማሲስቷን ጠየቁ። ተመልሰው ከእትዬ ወርቅዬ አልጋ አጠገብ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ወርቅዬ፣ ተሳስቻለሁ። ኪኒኑ ውስጥ እባብ የለም። የአንድ እባብ መርዝ ግፊት እንደሚያወርድ አዩና፣ እሱን የሚመስል ነገር በፋብሪካ ሠሩ። እባቡ ያዋጣው ሐሳቡን ብቻ ነው።"

"ተመራምረውበታል?" አሉ እትዬ ወርቅዬ በአሽሙር።

"እነሱማ ተመራምረዋል። ያልተመራመርኩት እኔ ነኝ።"

እትዬ ወርቅዬ ትክ ብለው አይተዋቸው እጃቸውን ለኪኒኑ ዘረጉ።

አሁን ጋሽ እንግዳ በየጠዋቱ እየሄዱ ኪኒኑ እስኪዋጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰፈራችን በአዋቂ ተጥለቅልቋል፤ በሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ያለ ግን ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ሲያልፉ ግን አሁንም "እባብ አስዋጩ!" እያሉ የሚስቁባቸው አሉ። እባካችሁ፣ እናንተ አትሳቁባቸው።