ፓምፑ ይገፋል እንጂ አይስብም

(ግቢ። የኋላ ጎማዎቿ በድጋፍ ብረት ከፍ ያሉ አሮጌ ሰማያዊ መኪና፤ ሟቹ አባት ትተዋት የሄዱ። ከሥሯ ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። የታላቅየው ልጅ እግሮች ናቸው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። አጠገቡ ቁጢጥ ያለው የእህቱ ባል ነው፤ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚገባው «ቀሴ»። የቀሴ ሚስት ትናንት በሰላም ተገላግላ ዛሬ ከነልጇ ከሆስፒታል ትወጣለች። ሊቁ ደግሞ «በአባዬ መኪና ካልሆነ ቤቷ አትገባም» ብሎ ምሏል። መኪናዋ ሞተሯ ተቀይሮላት የቀራት የነዳጅ ፓምፕ ብቻ ነው።)

ቀሴ፦ ቁልፍ አልክ እኮ ጋሼ!

ሊቁ፦ ቁልፍ አልኩ! ይሄ ምንድን ነው?

ቀሴ፦ የቤት ቁልፍ።

ሊቁ፦ ብሎን በቤት ቁልፍ ይፈታል? የአሥራ ሦስት ቁልፍ አምጣ ነው ያልኩህ!

ቀሴ፦ የቤታችን ቁጥር አሥራ ሦስት አይደል?

ሊቁ፦ (ብድግ ሲል ግንባሩን ይመታዋል) ኧረ እህቴን! ለትዳር ስንት ጠያቂ እያላት…

ቀሴ፦ ቆይ ግን፣ ይሄ ፓምፕ የግድ ነው?

ሊቁ፦ የድሮው ሞተር ፓምፑን የሚያንቀሳቅስበት ክንድ ነበረው። አዲሱ ክንድ የለውም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እንገጥምለታለን።

ቀሴ፦ ክንድ የለውም? ስንገዛው አላየነውም?

ሊቁ፦ ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ነው!

ቀሴ፦ (በሐዘኔታ) ከልጅነቱ ነዋ።

ሊቁ፦ ዝም በል!

ቀሴ፦ እሺ። ግን ሰዓቱ ሄደ። ታክሲ ይዤ ላምጣቸው እንዴ?

ሊቁ፦ ታክሲ? አባዬ እኔንም እሷንም ከሆስፒታል ያመጣን በዚህች ነው! የአባቷ መኪና ደጅ ቆማ በታክሲ ብትመጣ ሰው ምን ይላል?

ቀሴ፦ መኪናዋ ቆማለች ይላል።

ሊቁ፦ ይልቅ ስማኝ። ይሄ ፓምፕ ይገፋል እንጂ አይስብም። ስለዚህ ቦታው ፊት ሞተሩ ጋ ሳይሆን ኋላ፣ ከታንከሩ ዝቅ ብሎ ነው። ገባህ?

ቀሴ፦ ከኋላ ሆኖ ይገፋል።

ሊቁ፦ ጎበዝ!

ቀሴ፦ እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ በለኛ።

ሊቁ፦ ምን?

ቀሴ፦ ፓምፕ። ይህችን መኪና ከኋላ ሆኜ ያልገፋሁበት ዳገት የታለ?

ሊቁ፦ ይሄን ጥቁር ሽቦ ያዝና ማሳ ላይ እሰርልኝ።

ቀሴ፦ ማሳ ላይ?

ሊቁ፦ አዎ፣ ማሳ ላይ! አጥብቀህ!

(ቀሴ የሽቦውን ጥቅል እየተረተረ ወደ ግቢው ጥግ ይሄዳል።)

ሊቁ፦ አሰርከው?

ቀሴ፦ (ከሩቅ) ቲማቲሙ ላይ ይሁን ቃሪያው ላይ?

ሊቁ፦ የምን ቃሪያ?

ቀሴ፦ ማሳው ላይ ሌላ ምን ተክለናል?

ሊቁ፦ ማሳ ማለት የመኪናዋ ብረት ነው! አካሏ! መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው!

ቀሴ፦ (እየተመለሰ) ብረት ላይ ምን ሊበቅልላቸው?

(ሽቦው እንደ ምንም ይታሰራል።)

ሊቁ፦ በል አሁን ቁልፉን አዙር።

ቀሴ፦ የቱን? የቤቱን፣ የብሎኑን…

ሊቁ፦ የመኪናዋን!

(ፓምፑ ዝዝዝ ይላል። ከታንከሩ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይመጣል።)

ቀሴ፦ ጋሼ፣ ታንከሩ ፈላ!

ሊቁ፦ ዝም ብሎ ይፈላል እንዴ?

ቀሴ፦ ፓምፑ ላይ የተሳለው ቀስት ወደ ታንከሩ ነው የሚያየው። እንዲያ ነው?

ሊቁ፦ (ቀስቱን በእጁ እየሸፈነ) …ሆን ብዬ ነው። አዲስ ፓምፕ አስቀድሞ ታንከሩን ያናፍሳል። አሁን ደግሞ እናዞረዋለን።

ቀሴ፦ ይቆያል?

ሊቁ፦ እስክጨርስ አፍህን ዘግተህ ጆሮህን ክፈት። ከመሠረቱ ላስረዳህ። ቤንዚን ከታንከሩ ይነሳል…

(የግቢው በር ሲጢጥ ይላል።)

ሊቁ፦ …በሩንም ዘይት ቀባው እንጂ! አዎ፣ ይነሳና ማጣሪያው ጋ ይደርሳል። እዚያ ቆሻሻውን አራግፎ ያልፋል። ገባህ? (መልስ የለም) ዛሬ ገና ማዳመጥ ጀመርክ! ሰው ዝም ሲል እየገባው ነው። ከማጣሪያው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ፊት…

(ሊቁ ፓምፑን አዙሮ እየገጠመ ያብራራል። ይደግማል። ምሳሌ ይሰጣል። ድሮ ያሳሳቱትን መካኒኮች ሁሉ ይወቅሳል። ብዙ ቆይቶ በሩ እንደገና ሲጢጥ ይላል፤ ኮቴና ሹክሹክታ ወደ ቤት ያልፋል።)

ሊቁ፦ …ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ጋ ደረሰ ማለት ነው። ገባህ ወይ?

ቀሴ፦ (እያለከለከ) ሁሉም ገቡ ጋሼ።

ሊቁ፦ አየህ? አስተማሪ መሆን ነበረብኝ!

(ከመኪናው ሥር ይወጣል፤ መሪው ጋ ተቀምጦ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያስነጥስና ይነሳል።)

ሊቁ፦ ተነሳች! አባዬ ይሄን ባየ! ቀሴ፣ ተነሳች እኮ!

ቀሴ፦ ቀስ ጋሼ፣ ነዳጁን ቀስ አድርገህ ስጣት…

ሊቁ፦ ሰፈሩ ይስማ እንጂ!

(ከወደ ቤቱ ቀጭን ጩኸት ይሰማል።)

ሊቁ፦ ቆይ፣ ይሄ ጩኸት ይሰማሃል? የሞተሩ ቀበቶ ነው! ወይ ላልቷል ወይ እርጥብ ነው።

ቀሴ፦ እርጥብ እንኳ ሳይሆን አይቀርም።

ሊቁ፦ ጆሮዬ አይሳሳትም። በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይጠብቃል።

ቀሴ፦ እስቲ ሞተሩን አጥፋው።

(ሞተሩ ይጠፋል። ጩኸቱ ይብሳል።)

ሊቁ፦ (ግራ ተጋብቶ) ሞተር ጠፍቶ… ቀበቶ ይጮሃል?

ቀሴ፦ ሲርበው።

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ይዞራል) ቀሴ… እህቴ…

ቀሴ፦ በታክሲ መጣች። አንተ ቤንዚኑን ማጣሪያው ጋ ስታደርስ እኔ ሆስፒታል ደረስኩ። ካርቡራተሩ ጋ ስታደርሰው ተመለስን።

ሊቁ፦ ለግድግዳ ነበራ ሳወራ የቆየሁት! ምናለ ብትነግረኝ?

ቀሴ፦ ልነግርህ ነበር፤ እህትህ ከለከለችኝ። «ተወው፣ ከመኪናው ሥር ከወጣ ማጥባት ያስተምረኛል» አለች።

ሊቁ፦ (ቅር ብሎት) እንዲህ አለች? እኔ እኮ ልጁ በአባዬ መኪና እንዲገባ ብዬ…

ቀሴ፦ ለክትባት በመኪናዋ ነው የሚሄደው። ይሄንንም ያለችው እህትህ ናት።

ሊቁ፦ (ፊቱ ፈታ ይላል፤ ከዚያ ጆሮውን ያቆማል) ግን ቀሴ፣ እንዲህ የሚያለቅስ ሕፃን እኮ ሆዱ አየር ይዞ ነው። ጀርባውን እንዴት መታ መታ እንደሚደረግ ልግባና ላሳያ…

ቀሴ፦ (የቤቱ በር ላይ ቆሞ) ጋሼ፣ ፍሬኑን አየኸው?

ሊቁ፦ ፍሬን?

ቀሴ፦ እኔማ ምኑም አይገባኝ።

ሊቁ፦ (እጅጌውን እየሰበሰበ) በል ና፣ ከመሠረቱ ላስረዳህ። (ተመልሶ ከመኪናው ሥር ይገባል) ፍሬን ማለት የማቆም ጥበብ ነው። ብዙ ሰው መሄድ እንጂ ማቆም አያውቅበትም…

(ቀሴ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል፤ ወደ ቤት ገብቶም በሩን በቀስታ ይዘጋል።)