የበግ ቤቱ እምነት

ብርድ በየት በኩል ነው የሚገባው? ቀላል ጥያቄ ይመስላል፣ አይደል? እኔ ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር ይህን እጠይቃለሁ። ባለቤቴ በመስኮት ነው ትላለች። ጎረቤቴ በእግር ጣት ነው ይላል፤ ካልሲ ደርብ ብሎም ይመክረኛል። የራሱ ካልሲ ግን ተረከዝ የለውም። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ደግሞ ብርድ የሚመጣው ከላይ ነው ባይ ነበሩ። ዝናቡም በረዶውም ከላይ ነው፤ ብርድ ብቻውን ተለይቶ በየት ሊመጣ ኖሯል?

ይህን ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው አንድ ኢንጂነር ነው። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል፤ ጉልበታችሁን ሸፈን አድርጉና ስሙኝ።

አባቴ መምሬ አስረስ ከፍላቂት ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ቄስም ገበሬም ነበሩ። ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ በግ። እኔ ያኔ ፍላቂት አስተምር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ። ዘመኑ ሁሉም ሰው ሞዴል የሚሆንበት ነበር። ሞዴል ገበሬ፣ ሞዴል ቀበሌ፣ ሞዴል ሽንት ቤት ሳይቀር። አባባም ሳያስቡት በበግ እርባታ ሞዴል ተባሉና አንድ ፕሮጀክት ዘመናዊ የበግ ቤት ሠራላቸው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። እኛ ቤት እንኳ ሲሚንቶ አልነበረም! አባባ ወለሉን አፍረውት ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚገቡት።

በጎቹ ግን አልወደዱትም። የእኛ አገር ውርጭ በኅዳር ሲጥል ሣሩ ላይ ጨው የተበተነ ይመስላል። ሲሚንቶው ያን ብርድ ጠጥቶ ያድራል። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ግልገሎች እንደተኙ ሳይነሱ ቀሩ። አንዱን አባባ በጋቢያቸው ጠቅልለው እሳት ዳር ይዘውት ተቀምጠው ደረስኩ። ሞቷል እኮ አባባ፣ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ፤ ግን አላስቀመጡትም።

በዓመቱ ኢንጂነሩ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ፣ በዙሪያው ዞረና፣ መምሬ፣ ብርዱ የሚገባው በወለሉ ጠርዝ ነው አለ። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ዙሪያውን እስከ ጉልበት ድረስ መቆፈር፣ ጠርዙ ላይ ፎም ማቆም፣ ከዚያ አፈሩን መልሶ መጠቅጠቅ። ፎሙን ታውቁታላችሁ፤ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ያ ነጭ ቀላል ነገር ነው። ቶሎ ካልተቀበረ ፀሐይና ነፋስ ይጨርሱታል ብሎ አስጠንቅቆን፣ ፎሙን አውርዶልን ሄደ።

አባባ ፎሙን በአንድ እጃቸው አንስተው ብዙ አዩት። "ኧረ ጉድ ነው፣ መሬትም መቀነት መታጠቅ ጀመረ?" አሉኝ። ግን አምስቱን ግልገሎች አልረሷቸውም። ታኅሣሥ ገብቷል፤ ዘጠኝ እናት በጎች ሊወልዱ ደርሰዋል። ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤታችን ከአያሌው ጋር ሆነን ቆፈርን። ፎሙንም አቆምን። አፈሩን ለመመለስ ሲመሽብን አባባ ሰኞ እጨርሰዋለሁ አሉኝና እኔ ወደ ፍላቂት ተመለስኩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላ አገር አንድ ነገር በአራት ማዕዘን ዙሪያው ሲቆፈር ያየ ሰው የውኃ ቦይ ነው ብሎ ያልፋል። በላስታና በእኛ አካባቢ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው እንዲያ ነው፤ ዙሪያውን ትቆፍራለህ፣ መካከሉን ትተዋለህ። ቆፋሪው ደግሞ ቄስ ሲሆንስ? ወሩ ታኅሣሥ ሆኖ፣ ለልደት ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚ በደጃችን እያለፈስ? በዚያ ላይ አያሌው ሳይቀልድ መዋል አይችልም። ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ ለጠየቀው መንገደኛ፣ ለበጎቹ ላሊበላ እየሠራንላቸው ነው ብሎ መለሰ።

ቀልዱ እሑድ ከመንደር ወጣ። ሰኞ ሲመለስ፣ ለመምሬ አስረስ በሕልም የተገለጠላቸው ቤተ መቅደስ ሆኖ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ በጉን ሳይሆን ሰውን ነው ያየሁት። ጧፍ የያዘው፣ የሚሰግደው፣ ቋሚውን የሚሳለመው። የቆፈርነው አፈር ደግሞ የለም! እምነት ነው ብለው፣ ለታመመ የሚቀባ ቅዱስ አፈር ነው ብለው፣ በነጠላ ጫፍ እየቋጠሩ ጨርሰውታል። ቋጠሮው ትንሽ ነው፤ ቋጣሪው ግን ስንት ነው? የቀበሌው ሊቀመንበርም መጥቶ አገኘሁት። ሪፖርቱን በእንስሳት ሀብት ላድርገው ወይስ በቱሪዝም ብሎ ጠየቀኝ፤ የምሩን ነው።

አባባ ውሸት አይችሉም። ከሰኞ ጀምረው አንድ ቃል ነው የሚደጋግሙት። "ወገኖቼ፣ ይህ የበግ ቤት ነው! ወለሉን ብርድ እንዳይገባው ነው የቆፈርነው!" ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይና፣ አይ ትሕትናቸው ይላል። በካዱ ቁጥር ቅድስናቸው ባሰበት። ከውስጥ አንዷ በግ ባ ብላ መሰከረችላቸው፤ እሷንም የሰማት የለም። ጭራሽ የመንደራችን ሴት እትዬ ዘውዴ፣ በክርክር ተረትታ የማታውቀዋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች።

"ታዲያ መምሬ፣ ጌታስ የተወለደ የት ሁኖ ነው?"

አባባ ጫማቸውን አውልቀው ወደ በጎቹ ገቡ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ፎሙ ቆሞ ነፋስ ይመታዋል። አንዱ ፎም ዓይናችን እያየ ተነቅሎ በማሳው ላይ ሲበር ሦስት ሰዎች አማተቡ። ሌላ አፈር እንዳናመጣ የማሳው አፈር ስስ ነው፣ የቀረው ዓለት ነው፤ ያለው ወንዙ ዳር፣ ዳገቱን ወርደን ነው። ለሦስት ሰው የሳምንት ሥራ ነው። እናት በጎቹ ደግሞ ሳምንት አይጠብቁም። አባባ ማታውን ጋቢያቸውን እያዩ አመሹ። እኔም ያ ግልገል ትዝ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። የበግ ቤት ነው አላሉም። የማን አፈር ነው የወሰዳችሁት ብለው ጠየቁ። ባለቤቱን አስፈቅዳችኋል? ሳያስፈቅዱ የሰው ንብረት መውሰድ ምን ይባላል? አንገቱ ሁሉ ተደፋ። "እንግዲያስ ንስሐ አለው" አሉ። የነፍስ አባትነታቸው ለማን ለማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እያንዳንዱ ሰው ከወንዙ ዳር አንድ አንድ ቅርጫት ደረቅ አፈር ያመጣል፤ አምጥቶም በእግሩ ይጠቀጥቃል።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ያየሁትን ሰልፍ ደግሜ አላየሁም። ያልወሰደውም ተሸክሞ መጣ። አያሌው ሁለት ቅርጫት ተፈረደበት፤ አንዱ ለአፈሩ፣ አንዱ ለምላሱ። ጥቅጠቃው ጭብጨባ ገባበት፣ ጭብጨባው እልልታ ወለደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፎሙ ተቀብሮ አለቀ። በዚያው ሳምንት ዘጠኙም በጎች ወለዱ፤ አንድም ግልገል አልሞተም። አባባ ግልገሎቹን እንደተወለዱ አንድ በአንድ እያነሱ ሆዳቸውን ይዳስሱና፣ ሙቅ ነው፣ ሙቅ ነው ይሉ ነበር።

አባባ ካረፉ ቆዩ። አምና መንደራችን ሄጄ ነበር። የበግ ቤቱ ቆርቆሮ የለም፤ ቋሚዎቹም ወድቀዋል። ወለሉ ብቻ ቀርቷል። እትዬ ዘውዴ አርጅታ፣ በምርኩዝ መጥታ፣ ጠርዙ ዳር ጎንበስ ብላ አፈር ትቋጥራለች። ያስተማሪነት አመሌ ተነሳብኝ። እትዬ፣ ይህ እኮ የበግ ቤት ነበር አልኳት።

"አውቃለሁ ልጀ። ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ አይደለሁ? ጉልበቴን ብርድ እየገባው ነው። አባትህ ይህ አፈር ብርድ አያስገባም ብለውን የለ?"

"ሠርቶልሻል?"

"ለበጎቹ ሠርቶላቸው የለ?"

አባባ በጣም ናፈቁኝ። እሷ ጉብታውን እስክትዞር ጠበቅሁና፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ በመሐረቤ ቋጠርኩ። ፎሙን በእጄ ያቆምኩ ሰውዬ!

ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። መሐረቡ መሳቢያዬ ውስጥ እንደተቋጠረ አለ። እስካሁን አልቀባሁትም፤ እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።